ኤስትሮጅን የአንጎል ሴልን ይጠብቃል ከተባለ ለእናቴ ለምን አይታዘዝላትም?

ጥያቄ፦ "48 ዓመቴ ነው። እናቴ 76 ዓመቷ ሲሆን ከሦስት ዓመት በፊት አልዛይመር እንዳለባት ተነገረን። በቅርቡ በአንጎል ውስጥ ያሉ የኤስትሮጅን ሪሴፕተሮች የአንጎል ሴሎችን ከአልዛይመር እንደሚከላከሉ አነበብኩ። እውነት ከሆነ ለምን ኤስትሮጅን አይታዘዝላትም? እስከዚያው የአኩሪ አተር እንክብል ገዝቼ እየሰጠኋት ነው። እኔም የወር አበባዬ መዛባት ጀምሯል። ቃላት ይጠፉብኛል፣ ሌሊት በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ። ለአንጎሌ ብዬ ሆርሞን ልጀምር? ለነገሩ በማዮማ ምክንያት ማሕፀኔ እንዲወጣ ተወስኖ ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው።"

መልስ፦

እህቴ፣ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት። ያነበቡት ውሸት አይደለም። ሆኖም ለእናትዎ አሁን ኤስትሮጅን መጀመር አይጠቅማቸውም፤ ሊጎዳቸውም ይችላል። ለእርስዎም ቢሆን አልዛይመርን ለመከላከል ብቻ ተብሎ አይታዘዝም። እነዚህ ነገሮች የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ አይጋጩም። ሪሴፕተሩ የሚጠብቀው ጤነኛ ሴልን ነው፤ በሽታው የገባበትን ሴል መልሶ አያድንም። "ለነገሩ" ብለው መጨረሻ ላይ የጻፏት ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ አሳስባኛለች። እሷን በሰፊው እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ሪሴፕተሩ ምን እንደሆነ እንይ። ሪሴፕተር ማለት ሆርሞኑን የሚቀበል ፕሮቲን ነው። ኤስትሮጅን በደም ተሸክሞ ሁሉም ቦታ ይደርሳል። ሥራ የሚሠራው ግን በዋናነት ተቀባይ ባለበት ሴል ውስጥ ነው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ኤልዉድ ጄንሰን የተባለ ተመራማሪ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ራዲዮአክቲቭ ምልክት ያለው ኤስትሮጅን ለአይጦች ሰጠ። ጡንቻ ሆርሞኑን ወዲያው ለቀቀው። ማሕፀን ግን ይዞ አስቀረው። የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው።

ለረጅም ጊዜ ተቀባዩ አንድ ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የያን-ኦኬ ጉስታፍሶን ቡድን ሁለተኛውን አገኘ። የተገኘው ደግሞ በአይጥ ፕሮስቴት ውስጥ ነው፤ ሴቶች በማይኖራቸው እጢ ውስጥ ማለት ነው። ኤስትሮጅን "የሴት ሆርሞን" ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። የመጀመሪያው አልፋ፣ ሁለተኛው ቤታ ይባላሉ። ቆይቶ ደግሞ ከሴል ሽፋን ጋር ተያይዞ በፍጥነት ምላሽ የሚሰጥ ሦስተኛ ተቀባይ ተጨመረ።

ሁሉም አንጎል ውስጥ አሉ። በአልዛይመር ቀድመው ከሚጎዱ ቦታዎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው፤ አዲስ ነገር የምንመዘግብበት ክፍል። እዚያ አልፋም ቤታም ይገኛሉ። አሴቲልኮሊን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ የሚያመርቱት የአንጎል ሥር ሴሎችም ተቀባዩ አላቸው። በአልዛይመር እነዚህ ሴሎች ክፉኛ ይመናመናሉ። አሁን ለአልዛይመር የሚታዘዘው ዶኔፔዚል የሚባለው መድኃኒት የሚሠራው የቀረችውን አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳትፈርስ በማድረግ ነው።

ተቀባዩ ሴሉን እንዴት ይጠብቃል? በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ዘገምተኛ፣ ሌላው ፈጣን።

ዘገምተኛው በጂን በኩል ነው። ኤስትሮጅን የያዘ ተቀባይ ወደ ሴሉ አስኳል ገብቶ ዲኤንኤ ላይ ይቀመጣል። የተወሰኑ ጂኖችም ሥራ ይጀምራሉ። ከሚመረቱት ፕሮቲኖች መካከል ሴሉ ራሱን እንዳያጠፋ የሚከለክለው ቢሲኤል-2 ይገኝበታል። ነርቮች አዲስ ግንኙነት እንዲፈጥሩ የሚረዳው ቢዲኤንኤፍም እንዲሁ። ይህ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል።

ፈጣኑ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ሴሉ ውስጥ እርስ በርስ የሚቀሰቃቀሱ ኢንዛይሞች ይነሣሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በአልዛይመር ሴሉ ውስጥ የሚተበተበው ታው የሚባል ፕሮቲን ነው። ታው የሚበላሸው ፎስፌት ከመጠን በላይ ሲለጠፍበት ነው። ከሚለጥፉት ኢንዛይሞች ዋነኛው ጂኤስኬ-3 ይባላል። በኤስትሮጅን ተቀባይ በኩል የሚነሣው ምልክት ይህንን ኢንዛይም ያቀዘቅዘዋል።

አሚሎይድም አለ፤ በአልዛይመር አንጎል ውስጥ የሚከማቸው ሌላው ነገር። አሚሎይድ የሚወጣው ከአንድ ረጅም ፕሮቲን ተቆርጦ ነው። ይህን ፕሮቲን የሚቆርጡ የተለያዩ ኢንዛይሞች አሉ። ቤታ እና ጋማ የሚባሉት ከቆረጡት አሚሎይዱ ሙሉውን ይወጣል። አልፋ የሚባለው ግን የሚቆርጠው ልክ አሚሎይዱ በሚገኝበት መሃል ላይ ነው። መሃሉ ከተቆረጠ አሚሎይድ የሚባል ነገር አይወጣም። በላቦራቶሪ በተያዙ ሴሎች ላይ ኤስትሮጅን ሲጨመር ፕሮቲኑ በብዛት በአልፋ በኩል እንዲቆረጥ አድርጓል። ይህ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተደጋጋሚ የታየ ነው። ተቀባዩ በማይቶኮንድሪያ በኩል ሴሉ ስኳርን ወደ ጉልበት እንዲቀይር ያግዛል፤ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ተከላካይ ሴሎች የሚያስነሡትን ብግነትም ያበርዳል።

ከሁሉም ይበልጥ እኔን የሚገርመኝ በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ፣ በብሩስ ማክዩን ቤተ ሙከራ የታየው ነው። የሴት አይጥ ዑደት አራት ወይም አምስት ቀን ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ የሂፖካምፐስን ሴሎች በማይክሮስኮፕ እያዩ በነርቭ ቅርንጫፎች ላይ ያሉትን ጥቃቅን እሾህ መሰል ጉብታዎች ቆጠሩ። አንድ ነርቭ ከሌላው ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው በእነዚህ ላይ ነው። ኤስትሮጅን ከፍ ባለበት ቀን ጉብታዎቹ ይበዛሉ። ሆርሞኑ በወረደ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳሉ። ከዚያ ተመልሰው ይወጣሉ። ያደገ አንጎል ጠንክሮ የቀረ ነገር ነው ይባል በነበረበት ዘመን ይህ በየሳምንቱ ራሱን የሚያድስ አንጎል አሳየን።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ያነበበ ሰው "ታዲያ ምን ይጠበቃል?" ቢል አልፈርድበትም። ሐኪሞችም እንደዚያው ብለው ነበር።

ግን ሦስት ነገር አለ። የመጀመሪያው መጠን ነው። በላቦራቶሪ ሴል ያዳነው ኤስትሮጅን ብዙ ጊዜ በሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው በሺህ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። በዚያ መጠን ሆርሞኑ ተቀባዩን ሳይነካ እንኳ ጎጂ ኦክስጅኖችን ማምከን ይችላል። ይህ የተቀባዩ ሥራ አይደለም፤ በሰው ላይም አይደገምም። "ኤስትሮጅን ሴል አዳነ" የሚል ሲያነቡ በምን ያህል መጠን የሚለው ጥያቄ አብሮ ይምጣ።

ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። ሮቤርታ ብሪንተን በተባለች ተመራማሪ ቤተ ሙከራ የሂፖካምፐስ ሴሎች መጀመሪያ ኤስትሮጅን፣ ከዚያ አሚሎይድ ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ተረፉ። መጀመሪያ አሚሎይድ፣ ከዚያ ኤስትሮጅን ሲሆን ግን አልተረፉም። እንዲያውም ሞቱ ባሰ። ሆርሞኑ ያው ነው። የተለወጠው የሴሉ ሁኔታ ነው። የታመመ ሴል ካልሲየሙን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ለጤነኛው ሴል ጥቅም የሆነው ማነቃቂያ ለእሱ ተጨማሪ ሸክም ይሆንበታል።

ሦስተኛው ራሱ ተቀባዩ ነው። ኦቫሪያቸው (ኤስትሮጅን የሚያመርተው የእንቁላል እጢ) የወጣ አይጦች ወዲያው ኤስትሮጅን ከተሰጣቸው፣ ሆርሞኑ አንጎላቸውን ከደም እጥረት ጉዳት ይጠብቃል። ያለ ሆርሞን 10 ሳምንት ከቆዩ በኋላ ቢሰጣቸው ግን አይጠብቅም። ምክንያቱ ሲፈተሽ በሂፖካምፐስ የነበረው የአልፋ ተቀባይ ፈርሶ ተወግዷል። የማሕፀናቸው ተቀባይ ግን አልተነካም። ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። ዘግይቶ የሚሰጥ ሆርሞን ማሕፀን ላይ ይሠራል፤ አንጎል ላይ ግን የሚቀበለው የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። የሰው አንጎል ከአይጥ ሊለይ ይችላል፤ በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ግን ከዚህ ሐሳብ ጋር ይሄዳሉ።

አሁን ወደ እናትዎ እንምጣ። እርስዎ የጠየቁት በትክክል ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ በታተመ ጥናት መለስተኛና መካከለኛ አልዛይመር ያለባቸው 120 ሴቶች ለአንድ ዓመት ኤስትሮጅን ወይም ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። በሽታው በኤስትሮጅኑ አልዘገየም።

"ከመታመማቸው በፊት ቢሰጥስ?" ተብሎ የተሞከረው ደግሞ የበለጠ አሳዛኝ ሆነ። በአሜሪካ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ የመርሳት በሽታ የሌለባቸው 4,532 ሴቶች ተመዘገቡ። ግማሹ ኤስትሮጅንና ሰው ሠራሽ ፕሮጄስቲን (ማሕፀንን ለመጠበቅ ከኤስትሮጅን ጋር የሚሰጥ ሆርሞን) አንድ ላይ፣ ግማሹ ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። በ2003 ውጤቱ ወጣ። ከሆርሞን ወሳጆቹ 40፣ ከሌሎቹ 21 ሴቶች የመርሳት በሽታ ያዛቸው። በእጥፍ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር ከ10,000 ሴቶች መካከል በዓመት ወደ 23 የሚሆኑ ተጨማሪ ሴቶች ታመሙ። ለአንዲት ሴት ቁጥሩ ትንሽ ነው። ለመከላከያ ተብሎ ለሚሰጥ ነገር ግን ተቀባይነት የለውም። ስትሮክና የደም መርጋትም ጨምረዋል።

እናትዎ 76 ዓመታቸው ነው፤ ካረጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ በሽታው ገብቷል። አሚሎይድ መከማቸት የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀድሞ ነው። ተቀባዩ ሊጠብቃቸው ይችል የነበሩት ሴሎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ይህን ስጽፍልዎ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። እርስዎ ያጓደሉባቸው ነገር ግን የለም። ያኔ ቢጀመርላቸው ይድኑ ነበር የሚል ማስረጃም የለም።

ስለ አኩሪ አተሩ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በአኩሪ አተር ውስጥ ያለው ጄኒስቲን በእርግጥ ኤስትሮጅን ተቀባይ ላይ ይቀመጣል። ከአልፋ ይልቅ ቤታን ይመርጣል፤ ለአንጎል ሲባል ጡትንና ማሕፀንን ሳይነኩ ቤታን ብቻ መቀስቀስ ደግሞ የብዙ ተመራማሪዎች ምኞት ነው። በሙከራ ግን ውጤቱ አላማረም። 350 ጤነኛ ያረጡ ሴቶች ለሁለት ዓመት ተኩል የአኩሪ አተር ፕሮቲን ወይም ማስመሰያ ወስደው አጠቃላይ የማሰብ ችሎታቸው ላይ ልዩነት አልታየም። አልዛይመር ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ አነስተኛ ሙከራም ጥቅም አላሳየም። እንክብሉ መርዝ ነው እያልኩዎት አይደለም። እናትዎ የታይሮይድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ግን አኩሪ አተር ክኒኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያደርግ ይችላል። የጡት ካንሰር ታሪክ ካላቸውም ሐኪማቸው ማወቅ አለበት። ብልቃጡን ይዘው ይሂዱና ያሳዩ። እኔ ብሆን ገንዘቡን ለሌላ ነገር አውለው ነበር፦ ጆሯቸውን ማስመርመር፣ የደም ግፊታቸውን መከታተል፣ እርስዎ አንድ ከሰዓት እንዲያርፉ የሚተካዎት ሰው ማግኘት።

ወደ እርስዎ ስንመጣ ነገሩ ይለያል።

ቃላት መጥፋትና የሌሊት ላብ በማረጫ ዕድሜ ዋዜማ በጣም የተለመዱ ናቸው። አንጎል የለመደው ሆርሞን አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ ሲል ይደነጋገራል። እንቅልፍ ሲቆራረጥ ደግሞ ይብሳል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የአልዛይመር መጀመሪያ አይደለም። ለአብዛኞቹ ሴቶች ከጊዜ በኋላ ይስተካከላል። እናትዎን ቀን ተሌት እያስታመሙ ቃል በጠፋብዎ ቁጥር ልብዎ እንደሚደነግጥ እገምታለሁ። እናትዎ የታመሙት ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ይህ የእርስዎን ዕድል በመጠኑ ከፍ ያደርገዋል እንጂ እጣ ፈንታዎ አያደርገውም።

ሌሊት በላብ መጠመቅ ግን ራሱን የቻለ በቂ ምክንያት ነው። ለዚህ ከሆርሞን የበለጠ የሚሠራ መድኃኒት የለም። ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ፣ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ በአብዛኛው ከጉዳቱ ያመዝናል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ የጉበት ሕመም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም መፍሰስ ካለ ግን ሌላ መንገድ ይፈለጋል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ከሚዋጠው ያነሰ የደም መርጋት ስጋት እንዳለው ጥናቶች ይጠቁማሉ።

በጊዜ የጀመሩ ሴቶች አንጎልስ? ሁለት ጥሩ ጥናቶች አሉ። አንዱ ካረጡ ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ሴቶች ለአራት ዓመት ተከታተለ። ሌላው ካረጡ ስድስት ዓመት ያልሞላቸውን ከ10 ዓመት በላይ ከሆናቸው ጋር አነጻጸረ። በሁለቱም ሆርሞኑ የማስታወስ ችሎታን አላሻሻለም፤ አልጎዳምም። ለላቡ ብለው ቢወስዱ አንጎልዎን ይጎዳል ብለው አይሰጉ። አንጎልዎን ያድናል ብለውም አይውሰዱ። ለአንጎል የበለጠ ማስረጃ ያለው የደም ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን መቆጣጠር፣ መንቀሳቀስ፣ አለማጨስ፣ መስማት ሲቀንስ መታከም ነው። በ2024 የላንሴት የባለሙያዎች ቡድን እንዲህ ያሉ 14 ነገሮች ቢስተካከሉ እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል።

አሁን ወደ ማዮማዎ።

ማሕፀን መውጣቱ ብቻውን ኤስትሮጅንዎን አያቋርጥም። ኤስትሮጅን የሚያመርተው ኦቫሪ ነው። ችግሩ ማሕፀን ሲወጣ "እግረ መንገዳችንን" ተብሎ ሁለቱም ኦቫሪዎች አብረው የሚወጡበት ጊዜ መኖሩ ነው። ይህ ሲሆን በተፈጥሮ ዓመታት የሚወስደው የሆርሞን መውረድ በአንድ ቀን ይፈጸማል። በሚኒሶታ የሚገኘው የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት የተከታተሏቸውን ሴቶች መዝገብ አጥንተው በ2007 አሳትመዋል። ከማረጣቸው በፊት ኦቫሪያቸው የወጣ ሴቶች በኋላ ዕድሜያቸው የማሰብ ችግርና የመርሳት በሽታ በብዛት ታይቶባቸዋል። በወጣትነት የወጣባቸው ይበልጥ። ሁለቱም ወጥቶባቸው እስከ 50 ዓመታቸው ድረስ ኤስትሮጅን የወሰዱት ግን ጭማሪው አልታየባቸውም። መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት ስለሆነ እንደ ሙከራ የጠነከረ አይደለም። ሆኖም ከላይ ስለ ተቀባዩ ካየነው ጋር በሚገባ ይገጥማል። አጥንትና ልብም ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪምዎን በግልጽ ይጠይቁ። "ኦቫሪዬ ይቀራል ወይስ ይወጣል? የሚወጣ ከሆነ ለምን?" ይበሉ። በቂ ምክንያት የሚኖርበት ጊዜ አለ። በቤተሰብ ውስጥ የኦቫሪ ወይም በወጣትነት የመጣ የጡት ካንሰር ካለ፣ ብራካ የሚባለው የጂን ለውጥ ከተገኘ፣ ወይም ኦቫሪው ራሱ የሚያጠራጥር ነገር ካለበት፣ ማስወጣቱ ሕይወት ያድናል። ያኔ ለአንጎል ተብሎ ማስቀረት ስህተት ይሆናል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ግን በ48 ዓመት ጤነኛ ኦቫሪን ማስቀረት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሐኪምዎም በቁም ነገር ሊያየው ይገባል። የሚፈርሙበትን የስምምነት ወረቀት ሳይቸኩሉ ያንብቡ። ምን ምን እንደሚወጣ በስም ተጽፎ ይኑር።

ኦቫሪዎቹ የግድ መውጣት ካለባቸው "ከማግስቱ ጀምሮ ስለ ኤስትሮጅን ምን አስበናል?" ብለው እዚያው ይጨርሱ። ማሕፀን ከሌለ ፕሮጄስቲን አብሮ መውሰድ በአብዛኛው አያስፈልግም፤ ኤስትሮጅን ብቻውን ይበቃል። የሚከለክል ሕመም ከሌለብዎ ቢያንስ እስከ ተፈጥሯዊው የማረጫ ዕድሜ፣ እስከ 51 ገደማ፣ መውሰድ ይመከራል። ወራት አልፈው ሰውነት ሲንገላታ ከሚጀመር ይልቅ ከቀዶ ሕክምናው ጋር ቢታቀድ ይሻላል። ቀጠሮዎ ከደረሰና ይህ ንግግር ካልተደረገ፣ ቀኑ ይገፋልኝ ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። ማዮማ በአብዛኛው ጥቂት ሳምንት ይታገሣል፤ ደሙ የሚያደክምዎት ከሆነ ደግሞ እስከዚያው የሚቀንስ መድኃኒት ሊታዘዝልዎት ይችላል።